ንድፉ የእሷ፣ ፍተሻው የእኔ

በትምህርት ክፍላችን የምናስተምር ሴቶች ሁለት ነን። ስለዚህ ስማችን ብዙም አያስፈልግም። ተማሪዎች ኮሪደር ላይ ሲያወሩ አንዷ «ቲቸር» ነች፣ ሌላዋ «ያቺኛዋ ቲቸር» ነች። የትኛዋ እንደሆንኩ ለማወቅ ብዙ ጊዜ እርምጃዬን ቀስ አድርጌ አዳምጫለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያቺኛዋ እኔ ነኝ።

ባልደረባዬን ከመጀመሪያ ዲግሪ ጀምሮ አውቃታለሁ። አብረን ተምረን፣ አብረን ተመርቀን፣ ኮልፌ ውስጥ አንድ ግቢ ተቀጠርን። እኔ ሥርዓት እወዳለሁ። ማስታወሻዬ ርዕስና ንዑስ ርዕስ አለው፤ ሥዕሎቼ በማስመሪያ የተሠመሩ ናቸው። እሷ ፈተና ሲደርስ የእኔን ማስታወሻ ትዋስና ሻይ ትደፋበታለች፤ ከዚያ እኔ ያገኘሁትን ውጤት ታገኛለች። አንዳንዴም ትበልጠኛለች። ማስታወሻዬን ስትመልስልኝ «ያሳለፈኝ እኮ የአንቺ ጽሑፍ ነው» ትለኛለች። የምትለው ከልቧ ነው። ከልቧ ባይሆን ይሻለኝ ነበር።

የማስተምረው የቺፕ ንድፍ ነው። ቺፕ ማለት ስልካችሁንና የመብራት ቆጣሪያችሁን ብትከፍቱ የምታገኟት ትንሽ ጥቁር ጠፍጣፋ ነገር ነች። ውስጧ ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ መስመሮች የተሠሩባት ሲሊከን አለች። ሲሊከኗን የሚሠራ ፋብሪካ አገራችን ውስጥ የለም። መንደፍ ግን ላፕቶፕና ትዕግሥት ያለው ሁሉ ይችላል። ነዳፊው ቺፑ ምን ማድረግ እንዳለበት በኮድ ይጽፋል፤ ሶፍትዌር ኮዱን ወደ መስመሮች ሥዕል ይለውጠዋል፤ ሥዕሉ ውጭ አገር ላለ ፋብሪካ ይላካል። ወጪው ከባድ ስለሆነ ብዙ ነዳፊዎች በአንድ ሲሊከን ላይ ቦታ ይካፈላሉ። ዓለም ባንክ ሰፈር ከምኖርበት ኮንዶሚኒየም ጋር ይመሳሰላል፤ ሕንፃው አንድ ነው፣ በሩ ግን ለየብቻ ነው። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምደግምላቸው አንድ ነገር አለ። የስልክ አፕ ቢበላሽ ነገ ታድሱታላችሁ፤ ቺፕ ግን ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ አይታደስም። ስህተቱም አብሮ ተሠርቶ ይመጣል።

የሚያሳዝነኝ ተማሪዎቼ የሚነድፉት ነገር ሁሉ ላፕቶፕ ላይ ተወልዶ ላፕቶፕ ላይ የሚቀር መሆኑ ነበር። ጥናታችንም እንደዚያው ነው። ጽሑፍ እናሳትማለን፣ ማዕረግ እናገኝበታለን፣ ከዚያ ማንም አይነካውም። በዚህ ሥራ ከሚኖር ድርጅት ጋር አብረን ካልሠራን የምናስተምረው ነገር እውነት መሆኑን በምን እናውቃለን? ይህን በየስብሰባው እናገር ነበር። ስብሰባዎቻችን ደግሞ የታወቁ ናቸው። ከድርጅቶች ጋር የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል፣ ባነር ይሰቀላል፣ የታሸገ ውሃ ጠረጴዛው ላይ ይደረደራል፣ ፎቶ እንነሳለን። ከዚያ ባነሩ ይጠቀለልና የትምህርት ክፍል ኃላፊያችን ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። እዚያ ላይ ያሉትን ባነሮች ስመለከት ምንጣፍ ቤት የገባሁ ይመስለኛል።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አስኮ ውስጥ ለውጭ ደንበኞች ቺፕ የሚነድፍ ትንሽ ድርጅት እንዳለ ነገረኝ። ባኞና የመታጠቢያ ቤት ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው አለኝ። ቀጠሮ ሳልይዝ ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ኢንጂነር ነበሩ። የድርጅቱ ባለቤት እሳቸው ናቸው።

«ከዩኒቨርሲቲ ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ኢንጂነር። በምን አወቁ?»

«ፋይል ይዘሻል። ሰነድ ልታስፈርሚ ነው?»

«አይደለም። አብረን የምንሠራው ሥራ ካለ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ባነሩስ?»

«ባነር የለኝም።»

«እንግዲያው ግቢ» አሉና ሳቁ።

ከዚያ ለረጅም ጊዜ አስረዳኋቸው። ነጭ ሰሌዳቸውን ተውሼ በሦስት ቀለም ሣልኩላቸው፤ የተማሪ እጥረት እንደሌለብን፣ የሚጎድለን እውነተኛ ሥራ እንደሆነ፣ እነሱ ደግሞ ጊዜ የሚፈጅ ጥናት ለመሥራት ሰው እንደሌላቸው አንድ በአንድ ተናገርኩ። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ስጨርስ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ጥሩ። ግን ከአንድ ሰው ጋር አልሠራም። ሌላ መምህር ይዘሽ ነይ።»

ሌሎቹ መምህራን አንዱ ለትምህርት ወደ ውጭ ሊሄድ፣ ሌላው ተጨማሪ ሥራ ይዞ ነበር። የቀረችው እሷ ነች። እኔ ራሴ ቢሮዋ ድረስ ሄጄ «ትመጪያለሽ?» አልኳት። የዚያን ቀን ሌላ ሰው አግኝቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር።

በሚቀጥለው ረቡዕ ከሰዓት እኛ ሁለታችንና የትምህርት ክፍል ኃላፊው አስኮ ሄድን። ኢንጂነሩ የሥራውን ዝርዝር አደሉን። አዲስ ዓይነት የመብራት ቆጣሪ ለመሥራት አስበዋል፤ ቺፕ ብሎክ በሚባሉ ክፍሎች ተከፋፍሎ ነው የሚነደፈው፤ ለእኛ የደረሰችን ትንሿ ብሎክ የሰዓትና የቀን መቁጠሪያዋ ነች። ቆጣሪው ሰው በሚበዛበት ሰዓትና በማይበዛበት ሰዓት የተጠቀምነውን መብራት ለይቶ እንዲመዘግብ ሰዓቱንና ቀኑን ማወቅ አለበት። ቀኑ ደግሞ በእኛው አቆጣጠር እንዲሆን ይፈልጋሉ፦ አሥራ ሦስት ወር፣ ጳጉሜ ሳትቀር።

እኔ እያንዳንዷን ቃል እጽፋለሁ። እሷ ዝርዝሩን አንድ ጊዜ አየችና ቀና ብላ «ጋሼ፣ መብራት ሲጠፋ ይሄ ሰዓት በምንድነው የሚሠራው?» አለች።

ጋሼ! እኔ ከገባሁ ጀምሮ «ኢንጂነር» እያልኩ ነው።

ኢንጂነሩ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። «ይህን ጥያቄ ነበር ስጠብቅ የነበረው» አሉ። ጥያቄው በእኔ ማስታወሻ ላይ ሦስተኛ ተራ ላይ ሠፍሮ ነበር። እስክጠይቀው ተራውን እየጠበቀ ነበር።

ከዚያ አሠራራቸውን ነገሩን። በዚህ ሙያ አንድ ሰው ይነድፋል፣ ሌላ ሰው ይፈትሻል። ፈታሹ ንድፉን አያይም። ከዝርዝሩ ብቻ ተነሥቶ «ይህ ብሎክ ትክክል ከሆነ እንዲህ ሲባል እንዲህ ይመልሳል» እያለ ፈተና ያወጣል፤ ፈተናውን ኮምፒዩተር ላይ ያስኬደዋል፤ ያለፈው አረንጓዴ፣ የወደቀው ቀይ ሆኖ ይወጣል። ሁለቱ ሰዎች ስለ ሥራው እርስ በርስ ማውራት አይፈቀድላቸውም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ካወሩ አንዱ የተሳሳተውን ሌላውም ይሳሳታል፤ ንድፉና ፈተናው አንድ ዓይነት ስህተት ይይዙና ሁሉም አረንጓዴ ይሆናል።

«እና አንቺ ትነድፊያለሽ» አሏት። ወደ እኔ ዞረው «አንቺ ትፈትሺያለሽ» አሉኝ።

እንዲህ ነው የሆነው። በሩን ያንኳኳሁት እኔ፣ ሰሌዳው ላይ የሣልኩት እኔ፣ የገባችው እሷ።

የትምህርት ክፍል ኃላፊው ፊቴን አይተው መሰለኝ «ይሄ እኮ የመጀመሪያው ነው» አሉ። «ቀጥሎ ዋናው የቆጣሪው ብሎክ አለ። ለእሱ የሚመረጠው ነዳፊ የማስተማር ሰዓቱ ተቀንሶለት ሳምንቱን ግማሽ እዚህ ይሠራል። የዶክትሬት ጥናቱንም በዚሁ ላይ ያደርጋል። ማን እንደሚነድፍ ከዚህኛው ግምገማ በኋላ እንወስናለን።»

ያንን ወንበር ፈለግኩት። በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግኩት ነገር ያለ አይመስለኝም። ባልደረባዬ ደግሞ ወረቀቱ ጥግ ላይ አበባ እየሣለች ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ለእኔ ከባድ ነበሩ። ረቡዕ ረቡዕ ከክፍል ወጥተን ከኮልፌ ወደ አስኮ አብረን በታክሲ እንሄዳለን። ሰልፉ ረጅም ነው። እሷ ረዳቱን በኦሮምኛ አንድ ነገር ትለዋለች፣ እሱ ይስቃል፣ ጋቢና ይከፈትላታል። «ነይ፣ ሁለት ሰው ነው» ትለኛለች፤ ትስበኝና ከጎኗ ታስቀምጠኛለች። ሰልፍ ጥሼ መቀመጥ አልወድም፤ ግን እቀመጣለሁ፤ የምቀመጠውም በእሷ ሞገስ ነው።

አንድ ረቡዕ መንገድ ላይ «ስሚ እስቲ፣ ያ የመብራት መጥፋቱ ነገር እኮ» ብላ ጀመረች።

«ስለ ሥራ አናወራም ተብለናል።»

«ውይ! ረሳሁት። በቃ ስለ ጫማሽ እናውራ። የት ገዛሽው?»

«ባለፈው ሳምንትም ስለ ጫማዬ ነው ያወራነው።»

«እና አልነገርሽኝማ!»

ሹፌሩ ሳቀ። እኔ መስኮቱን አየሁ። ማስረዳት እወዳለሁ፤ ሙያዬ ነው፤ ያንን ሁሉ ወር የማውቀውን ነገር ብነግራት ከማንም በላይ ከሚገባት ሰው አጠገብ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ግቢ ውስጥም አላረፍኩም። እንግዳ ሲመጣ የትምህርት ክፍል ኃላፊው እሷን «ከኢንዱስትሪው ጋር ሆና ቺፕ የምትነድፍልን መምህርት» ብለው ያስተዋውቋታል። ከዚያ እጃቸውን ወደ እኔ አወዛውዘው «እሷም ታግዛታለች» ይላሉ። ታግዛታለች! ፈታሽ ነዳፊን አያግዝም። ፈታሽ የነዳፊ ተቃዋሚ ነው። ይህን ለማስረዳት አፌን ስከፍት እንግዳው ከእሷ ጋር መጨባበጥ ጀምሯል።

እቤትም ደረሰ። እናቴ ከጎረቤት ሰምታ «ጓደኛሽ ሰዓት ሠራች አሉ?» አለችኝ።

«አልሠራችም። ገና ነው። እኔ እየፈተሽኩት ነው።»

«እና ይሠራል?»

«ይሠራል» አልኳት። ደስ እንዳላለኝ ግን ከድምፄ ሳታውቅ አልቀረችም።

«ታዲያ ምነው የሞተ ሰው ያለ አስመሰልሽው?»

ይሠራ ነበር። መከራዬ እሱ ነው። በየሳምንቱ ፈተና አወጣለሁ። ከሰዓት ወደ ሰዓት መሻገሩን ፈተንኩ፤ አረንጓዴ። የወር መጨረሻውን ፈተንኩ፤ አረንጓዴ። ሰዓቱ ቀን በሚቀይርባት ቅጽበት መብራት አጠፋሁበት፤ ይሄኛው ክፉ ፈተና ነው፣ ስጽፈው ፈገግ እያልኩ ነበር፤ አረንጓዴ። ሙያውን ለማያውቅ ሰው ይህ ሁሉ መልካም ዜና ነው። ፈታሽ ግን ስህተት ካላገኘ ምንም ያልሠራ ይመስላል። ረቡዕ ሪፖርት አቀርባለሁ፤ «አልፏል፣ አልፏል፣ አልፏል» እላለሁ፤ ኢንጂነሩ ወደ እሷ ዞረው «በርቺ» ይሏታል። እሷ ማኪያቶዋን እየጠጣች ነው። የእኔ ሪፖርት የእሷ ምስጋና ሆነ።

በመጨረሻ ረጅሙን ፈተና አወጣሁ። ሰዓቱን አራት ዓመት ሙሉ ማስኬድ ማለት ነው፤ ኮምፒዩተር ላይ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። በማቴዎስ ዘመን መስከረም አንድ ላይ አስጀመርኩትና አራት ዓመቱ ሲያልቅ እንደገና በማቴዎስ ዘመን መስከረም አንድ ላይ መድረሱን አየሁ። ደረሰ። አረንጓዴ። ከዚህ በኋላ የሚቀረኝ አልነበረም። ማክሰኞ ከሰዓት ነበር፤ ግምገማው በማግስቱ ነው። ማንኛውም ፈታሽ ላፕቶፑን ዘግቶ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ጊዜ ነው።

አልዘጋሁም። አረንጓዴዋን መስመር እያየሁ አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር፦ ይህች ሴት ስህተት አልሠራችም ብዬ አላምንም። ማስረጃ አልነበረኝም። ዝም ብዬ ነው ያላመንኩት። ዓይኔ ፊት ያለው ፈተና አልፏል እያለኝ፣ ሻይ የሚደፋ ሰው፣ ወረቀት ላይ አበባ የሚሥል ሰው፣ አንዲት ቀን እንኳን ሳይስት አራት ዓመት ቆጠረ መባሉ አልዋጥልኝ አለ።

ስለዚህ ፈተናውን ቀየርኩት። መነሻውንና መድረሻውን ብቻ ማየት ትቼ እያንዳንዱን ቀን በየተራ ከእኔ ቀመር ጋር እንዲያስተያይ አደረግኩት። የእኔን ቀመር የጻፍኩት ከልጅነቴ በማውቀው መንገድ ነው፦ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ። ዘመናቱ በአራቱ ወንጌላውያን ስም ይዞራሉ። ጳጉሜ አምስት ቀን ነች፤ በሉቃስ ዘመን ግን ስድስት ትሆናለች።

አስኬድኩት። ማቴዎስ አረንጓዴ። ማርቆስ አረንጓዴ። ሉቃስ እስከ ጳጉሜ አምስት አረንጓዴ። ከዚያ ቀይ። ከዚያ የዮሐንስ ዘመን በሙሉ፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜ፣ ከላይ እስከ ታች ቀይ። ከዚያ እንደገና አረንጓዴ።

መጀመሪያ የተሳሳትኩት እኔ መሰለኝ። ይህን ማለት ይከብደኛል፤ ግን ከእሷና ከእኔ አንዳችን ተሳስተናል ሲባል እጄ በቀጥታ ወደ ራሴ ኮድ ነው የሄደው። አንድ በአንድ አየሁት። ትክክል ነበር። ባለፈው የሉቃስ ዘመን ጳጉሜ ስድስት ቀን እንደነበረች ደግሞ ማንም ሰው ያስታውሳል።

ከዚያ ገባኝ። ንድፏን ባላየውም ስህተቷን ልክ ያየሁት ያህል አወቅኩት። የተማርንባቸው መጻሕፍት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር አንድ ቀን የሚጨመርበት ዓመት ለአራት ያለቀሪ የሚካፈለው ነው። የእኛ ግን ለአራት ሲካፈል ሦስት የሚተርፈው ነው፤ የሉቃስ ዘመን ማለት ያ ነው። እሷ አሥራ ሦስቱን ወር በትክክል ነድፋለች፣ ጳጉሜንም አስገብታለች፣ ቀን መጨመሪያውን ሕግ ግን ከመጽሐፉ እንዳለ ወስዳዋለች። ስለዚህ ሰዓቷ በሉቃስ ዘመን ጳጉሜ ስድስትን ይዘላል፤ አዲስ ዓመት አንድ ቀን ቀድሞ ይገባል፤ አንድ ዓመት ሙሉ ቆጣሪው ሁሉ ነገን ዛሬ ይላል። በዮሐንስ መጨረሻ ላይ ደግሞ ያለቦታው አንድ ቀን ይጨምርና ራሱን ያስተካክላል። የመጀመሪያው ፈተናዬ ያለፈው ለዚህ ነው። መነሻውና መድረሻው ትክክል ነው፤ የተበላሸው መሐሉ ነው።

ደስ አለኝ። ሌላ ቃል የለውም። ወደ ዓለም ባንክ ስመለስ ታክሲው ውስጥ ቆሜ ነው የሄድኩት፤ አልተሰማኝም። ዋናው ወንበር የእኔ ነው። ጳጉሜ ስድስትን የረሳ ሰው ቆጣሪውን ይንደፍ አይሉም።

በማግስቱ እንደተለመደው ከእሷ ጋር ጋቢና ተቀመጥኩ። ሕጉ እንዳላወራ ይከለክለኛል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕጉን ወደድኩት።

«ዛሬ ምን ሆነሻል? ፊትሽ በርቷል» አለችኝ።

«ምንም።»

«አግብተሽ ነው?»

«በማክሰኞና በረቡዕ መካከል?»

«ፈጣን ነሽ፣ ማን ያውቃል!» ብላ ሳቀች፣ ትከሻዬን መታ አደረገች።

ግምገማው ላይ ኢንጂነሩ፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊውና እኛ ነበርን። ፕሮጀክተሩን አበራሁ። ሥርዓቴን አልለቀቅኩም፤ መጀመሪያ ያለፉትን ፈተናዎች በሙሉ አሳየሁ። የትምህርት ክፍል ኃላፊው ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው። ከዚያ የመጨረሻውን ከፈትኩት። ግድግዳው ቀላ።

ፊቷን ነበር የማየው። ለዚህ ነበር ያልተኛሁት። መጀመሪያ ዓይኗ ከጳጉሜ ወደ መስከረም ወረደ፤ ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። ፊቷ ወደቀ፤ አየሁት። ግን አልቆየም።

«ወይኔ ጉዴ! የፈረንጁን ሕግ ነው የጻፍኩት!» ብላ ተነሣች። «ለአራት የሚካፈል ብዬ! አንቺ፣ እንዴት አገኘሽው? ፋብሪካ ሄዶ ቢሆን ኖሮስ? አገር ሁሉ አዲስ ዓመትን በእኔ ምክንያት በዋዜማው ያከብር ነበር እኮ!» መጥታ አቀፈችኝ። በጣም አጥብቃ አቀፈችኝ። እጆቼ ጎንና ጎኔ ተንጠልጥለው ቀሩ።

የትምህርት ክፍል ኃላፊው ደንግጠዋል። «ይቅርታ፣ ኢንጂነር፣ እንዲህ ያለ ነገር እስከዚህ መድረስ አልነበረበትም…»

«የምን ይቅርታ?» አሉ ኢንጂነሩ። «ስህተት የሌለበት ንድፍ አይቼ አላውቅም። ሳይገኝ የቀረ ስህተት ግን ብዙ አይቻለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «የአራት ዓመቱ ፈተና አልፎ ነበር። ለምን ተመለስሽበት?»

«ለማረጋገጥ።»

«አረንጓዴ ሆኖ?»

«አላመንኩትም።»

መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው አዩኝ። «ጥሩ» አሉ።

ከዚያ የትምህርት ክፍል ኃላፊውን አማከሩና ወሰኑ። ድርጅቱ ከእኛ ጋር ይቀጥላል። ይህን ዓይነት ስህተት ከፋብሪካ በፊት የሚይዝ ቡድን ሲፈልጉ ኖረዋል፤ አሁን አግኝተዋል፤ ስለዚህ ቡድኑ አይነካም። ዋናውን ብሎክ እሷ ትነድፋለች፣ እኔ እፈትሻለሁ። የትምህርት ክፍል ኃላፊው በደስታ እጄን ጨበጡኝ። ያገኘሁት ስህተት ወንበሩን ለእሷ አጸናላት፤ እኔን ደግሞ ከራሴ ወንበር ጋር ቸነከረኝ።

እሷ «ታክሲ ልያዝ፣ ቶሎ ነይ» ብላ ወረደች። የትምህርት ክፍል ኃላፊውም ተከተሏት። እኔ ፕሮጀክተሩን እሰበስባለሁ ብዬ ቀረሁ።

«ኢንጂነር» አልኩ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ።»

«እኔም መንደፍ እችላለሁ።»

«እንደምትችይ አውቃለሁ።»

«ታዲያ አንድ ጊዜ ወንበር እንቀያየር። እኔ ልንደፍ፣ እሷ ትፈትሸኝ። አንድ ጊዜ ብቻ።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። ሊያስቀይሙኝ እንዳልፈለጉ ያስታውቃል።

«አንቺ ብትነድፊ ጥሩ ትነድፊያለሽ» አሉ። «እሷ ግን ያንቺን ሥራ ብትፈትሽ ምንም አታገኝም።»

«ለምን? ጎበዝ ነች እኮ።» ይህን ስናገር ራሴን ሰማሁት። በዚያ ሁሉ ወር እሷን ጎበዝ ስል የመጀመሪያዬ ነው።

«ጎበዝ ነች። ግን የመጀመሪያዋን አረንጓዴ ስታይ ደስ ብሏት ትሄዳለች። አትቀናብሽም።»

የፕሮጀክተሩን ገመድ አጥፌ ስጨርስ እንደገና ዘርግቼ አጠፍኩት። ከዚያ በፊት ያሳለፍኳቸው ረቡዖች፣ «እሷም ታግዛታለች» የተባልኩባቸው ቀናት ሁሉ ተደምረው እንደዚች አንዲት ቃል አልጎዱኝም። ቅናቴን እንዳዩት ሳይሆን በእሷ በኩል ምንም እንደሌለ ነው የነገሩኝ። እኔ ከመጀመሪያ ዲግሪ ጀምሬ ከእሷ ጋር ስሮጥ ኖሬያለሁ፤ እሷ ሩጫ መኖሩን እንኳን አታውቅም። ይህንንም ቀናሁባት።

ከታች ድምፅዋ መጣ። «አንቺ! ነይ እንጂ! ሊሄድ ነው!»

«የዋናውን ብሎክ ዝርዝር መቼ ነው የሚሰጡን?» አልኳቸው።

«ሰኞ ለሁለታችሁም እልካለሁ።»

«የእኔን ዛሬ ይስጡኝ።»

«ምነው? እሷ ሳትነድፍ ምን ትፈትሺያለሽ?»

«ምን እንደምትሳሳት አሁኑኑ ማሰብ እፈልጋለሁ።»

ኢንጂነሩ ሳቃቸውን ለመዋጥ ሞከሩ፤ አልቻሉም። ተነሥተው ከማተሚያው ላይ ገና ሙቀቱ ያልለቀቀውን ወረቀት አነሡና ሰጡኝ። ደረጃውን እየወረድኩ የመጀመሪያውን ገጽ ማንበብ ጀመርኩ።